ከስልክ ወደ መኪና፦ መድረሻችንን ስንልክ የምንልከው ምንድን ነው?

የምትሄዱበትን ቦታ ስልካችሁ ላይ ካገኛችሁት ቆይቷል። ስሙን ጽፋችኋል፣ ፎቶውን አይታችኋል፣ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን አረጋግጣችኋል። መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩን ስታስነሡ ግን የዳሽቦርዱ ስክሪን ስለዚህ ሁሉ ድካም አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። አገር፣ ከተማ፣ ጎዳና፣ የቤት ቁጥር እያለ ፊደል በፊደል እንደ አዲስ ይጠይቃችኋል። ስልኩና ስክሪኑ የሚራራቁት አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ቢሆንም አንዱ የሌላውን አይሰማም።

እንዲሰማማ ማድረግ ይቻላል፤ ከተቻለም ዓመታት አልፈዋል። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በጉግል ካርታ ላይ የተገኘን አድራሻ ወደ መኪናው መላክ እንዲቻል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ፎርድም በ2010 ተመሳሳይ አገልግሎት ለደንበኞቹ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ላኪው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር፤ ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ስልክ ነው፤ ስክሪኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በመንካት ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ መንካቱ ሳይሆን ከመንካቱ በኋላ የሚሆነው ነው። ብዙ ሰው ወደ መኪናው የላከው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ደርሷል» ብሎ ያምናል፤ ያመነውንም እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ እየነዱ መድረሻን በመኪናው ናቪጌሽን (መንገድ መሪ) ላይ ማስገባት በአማካይ 40 ሰከንድ ይወስዳል፤ ከተፈተኑት ተግባራት ሁሉ ይበልጥ ሐሳብን የሚበታትነውም ይኸው ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ40 ሰከንድ ውስጥ ከ550 ሜትር በላይ ይሄዳል። የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ደህንነት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ሹፌሩ ለአንድ ተግባር ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሣበት ጊዜ በአንድ እይታ ከ2 ሰከንድ፣ በድምሩም ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ መክሯል። አድራሻን በፊደል መልቀም ከዚህ ልክ ጋር በምንም መንገድ አይገጥምም። ከመነሣት በፊት፣ ቤት ተቀምጦ፣ ከስልክ መላክ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ነጥብ እንጂ መንገድ አይደለም

ስልኩ ላይ የታየው ሰማያዊ መስመር እንዳለ ወደ መኪናው የሚሻገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአብዛኛው ግን የሚሻገረው መድረሻው ብቻ ነው፦ ሁለት ቁጥሮች፣ ከእነርሱ ጋር የቦታው ስም፣ አንዳንዴም የጎዳና አድራሻውና የስልክ ቁጥሩ። መንገዱን መኪናው ራሱ በራሱ ካርታና በራሱ ስሌት እንደገና ያወጣዋል። ስለዚህ ስልኩ «25 ደቂቃ» ያለውን ጉዞ መኪናው «35 ደቂቃ» ቢለው የተበላሸ ነገር የለም። የስልኩ ካርታ የመንገዱን መጨናነቅ በአመዛኙ የሚያውቀው በዚያው መንገድ ላይ ካሉ ሌሎች ስልኮች እንቅስቃሴ ነው። የመኪናው ካርታ መረጃውን ከሌላ አቅራቢ ይቀበል ይሆናል፤ ጨርሶ ላይቀበልም ይችላል። በመካከል እንድትቆሙባቸው የመረጣችኋቸው ቦታዎችም ብዙ ጊዜ ሳይሻገሩ ይቀራሉ።

ሁለቱ ቁጥሮች ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። ኬክሮስ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል፤ ኬንትሮስ ደግሞ በእንግሊዝ ግሪኒች ከሚያልፈው መነሻ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን። የፓሪሱ ኤፍል ማማ የሚገኘው 48.8584 ሰሜን፣ 2.2945 ምሥራቅ ላይ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ መሬት ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር በ11 ሜትር ገደማ፣ አምስት አሃዝ ያለው ደግሞ በአንድ ሜትር ገደማ ልክ ቦታን ይለያል። ለመኪና አምስት አሃዝ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት አሃዝ ብቻ የተጻፈለት ቁጥር ግን ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አያውቅም።

ቁጥር አይሳሳትም እንላለን፤ ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው ግን ይሳሳታል። የኤፍል ማማን ሁለት ቁጥሮች ቦታ ብታለዋውጡና ኬንትሮሱን ከኬክሮሱ ብታስቀድሙ፣ ነጥቡ ፓሪስን ለቅቆ ከሶማሊያ ጠረፍ በስተምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ከንቱ ምሳሌ አይደለም፤ አንዳንድ የካርታ ፋይሎች ኬክሮስን፣ ሌሎቹ ኬንትሮስን አስቀድመው ስለሚጽፉ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ በእርግጥ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ሌላው ወጥመድ የአጻጻፉ ስልት ነው። ያው የማማው ኬክሮስ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ሲጻፍ 48 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይሆናል። ይህንን የተቀበለ ሰው በቅንነት 48.5130 ብሎ መኪናው ላይ ቢያስገባው 38 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይስታል። ስክሪኑ አያስጠነቅቀውም፤ ምክንያቱም ያስገባው ቁጥር ራሱን የቻለ ትክክለኛ ቦታ ነው፤ የእርሱ መድረሻ አለመሆኑን ግን መኪናው ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱም ቁጥሮች ባዶ ሲሆኑ ደግሞ፣ ማለትም ዜሮ ከዜሮ፣ ነጥቡ ከምዕራብ አፍሪካ በስተደቡብ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያርፋል። መኪናችሁ መድረሻውን ባሕር መካከል ካሳያችሁ፣ ስሙ ደርሶ ቁጥሩ በመንገድ ጠፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስሙስ ምን ያደርጋል? ስም ለሰው ነው። ችግር የሚመጣው ስልኩ ቁጥሩን ትቶ ስሙን ወይም አድራሻውን ብቻ ሲልክ ነው። በዚያን ጊዜ መኪናው ጽሑፉን ወስዶ በራሱ ካርታ ውስጥ ይፈልጋል። ካርታው ከሦስት ዓመት በፊት የተጫነ ከሆነ አዲሱን ሕንጻ አያገኘውም። በአንድ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ጎዳናዎች ካሉ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠው የእናንተው ላይሆን ይችላል።

ከአጥሩ ጀርባ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ችግሮች ሰውን ደጋግሞ የሚያሳስተው ይህ ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ተልኮ፣ ደርሶ፣ መኪናው ታማኝ ሆኖ መርቶን ሳለ ቦታው ላንደርስ እንችላለን።

አንድ ጊዜ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል እየነዳሁ ነበር። መድረሻውን ማታ ከስልኬ ልኬው፣ ጠዋት መኪናው በትሕትና ተቀብሎታል። እየመራ ወሰደኝና ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር አቁሞ «ደርሰዋል» አለኝ። በቀኜ የድንጋይ አጥር ነበር፤ ከአጥሩ በላይ የሆስፒታሉ ሕንጻ ይታያል፤ በር ግን የለም። ዋናው በር በግቢው ሌላ ወገን ነበር፤ እርሱን ለማግኘት የአንድ አቅጣጫ መንገዶችን እየዞርሁ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ያን ቀን የሄድሁት ለጥየቃ ብቻ ነበር። በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ቢሆንስ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። የካርታው ነጥብ የተተከለው ግቢው መካከል ነበር። መኪና ግን በሕንጻ ላይ አይነዳም፤ ስለዚህ ናቪጌሽኑ የተሰጠውን ነጥብ ይወስድና በካርታው ላይ ወደ ነጥቡ ከሁሉ የሚቀርበውን መንገድ ይፈልጋል። እዚያ ሲደርስ ሥራውን ጨርሷል። ቅርብ ማለት ደግሞ በቀጥታ መስመር ሲለካ ቅርብ ማለት ነው፤ አጥርን፣ ገደልን፣ የባቡር ሐዲድን፣ ወንዝን አያይም። ግቢው ከፈጣን መንገድ ጋር የሚዋሰን ከሆነ መኪናው በዚያው ፈጣን መንገድ ላይ «ደርሰዋል» ሊል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከማናደድ አልፎ አደገኛ ነው።

ጥሩ የካርታ አዘጋጆች ይህንን ስለሚያውቁ ለአንድ ቦታ ሁለት ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ በስክሪን ላይ የሚታየው፣ ሌላው መኪና የሚገባበት። ስልኩ ላይ ሆናችሁ አቅጣጫ ስትጠይቁ በትክክል ወደ በሩ የሚመራችሁ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ስላለ ነው። መድረሻው ወደ መኪናው ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ የሚሻገረው የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው። የመኪናው ካርታ ከሌላ ድርጅት የመጣ ከሆነ በሩን ከየት ያውቃል? ያለውን ነጥብ ይዞ በቅርቡ ወዳገኘው መንገድ ይሄዳል። «ስልኬ በትክክል ይወስደኛል፣ መኪናዬ ግን ይስታል» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ከዚህ ሊመነጭ ይችላል።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ግቢው ሰፊ ከሆነ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ስታዲየም ከሆነ፣ የቦታውን ስም አትላኩ። ካርታውን በሳተላይት ምስል አቅርባችሁ በሩን ፈልጉ፤ በሩ ፊት ያለውን አስፋልት በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ፤ በዚያ የሚተከለውን ምልክት ላኩ። ስሙ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይደርስ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ የምትደርሱት በሩ ላይ ነው።

መልእክቱ የሚያልፍበት

በስልኩ ካርታ ላይ «አጋራ» የሚለውን ነክታችሁ የመኪናችሁን አምራች መተግበሪያ መረጣችሁ እንበል። ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ሃዩንዳይ፣ ቴስላና ሌሎችም ለደንበኞቻቸው እንዲህ ያለ መተግበሪያ አላቸው። መልእክቱ አጠገባችሁ ወደቆመው መኪና በቀጥታ አይሄድም። በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ማዕከላዊ ኮምፒውተሩ፣ ይሄዳል። ሰርቨሩ በእናንተ መለያ ስም የተመዘገበው መኪና የትኛው እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ለይቶ፣ መኪናው ውስጥ በፋብሪካ በተገጠመው ሲም አማካይነት በሞባይል ኔትወርክ ይልክለታል። መኪናው ሁለት ሜትር ርቆ ቢቆምም ሌላ አህጉር ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ ከቢሮ ሆኖ ቤት ወደቆመ መኪና መላክ ይቻላል፤ ስለዚህም ስልኩና መኪናው ጎን ለጎን ሆነው ኔትወርክ በመጥፋቱ ብቻ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ከመሬት በታች የቆመ መኪና መልእክቱን የሚያገኘው ወደ ላይ ሲወጣ ነው።

የቆመ መኪና ይተኛል። ባትሪው እንዳያልቅ አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹ ይጠፋሉ፤ የመገናኛ ክፍሉ ብቻ በጥቂት ኃይል አንድ ጆሮውን ከፍቶ ይቆያል፤ ለብዙ ቀን ከቆመ እርሱም ሊዘጋ ይችላል። አንዳንዱ መኪና መልእክት ሲመጣ ይነቃል፤ ሌላው ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ሰርቨሩ መልእክቱን ይዞለት ይጠብቃል። ስልኩ «ተልኳል» ሲላችሁ ሰርቨሩ ተቀብሏል ማለቱ ነው፤ መኪናው ተቀብሏል ማለቱ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን አስነሥታችሁ ወዲያው ካላያችሁት አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ደጋግማችሁ ብትልኩት ግን ያው መድረሻ ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

ደርሶም የማይገኝበት ጊዜ አለ። ባልና ሚስት አንድ መኪና ሲነዱ መኪናው ለእያንዳንዳቸው የተለየ መገለጫ ይይዝ ይሆናል፤ የወንበሩን አቀማመጥ፣ የሬዲዮ ጣቢያውን፣ የመድረሻዎቹንም ዝርዝር። እርሷ የላከችው በእርሷ መገለጫ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሪውን የያዘው እርሱ ከሆነ ምንም አያይም። መልእክቱ በስክሪኑ ላይ ብቅ ካላለም፣ በናቪጌሽኑ ውስጥ ባለው የቅርብ ጊዜ መድረሻዎች ዝርዝር ወይም በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ መፈለግ ነው።

ይህ ሁሉ በአምራቹ አገልግሎት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ብዙም አያስበውም። አገልግሎቱ ለተወሰኑ ዓመታት በነጻ ይሰጥና በኋላ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ቴክኖሎጂውም ከሥሩ ሊወገድ ይችላል። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ ኔትወርኩን በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ በ3ጂ ብቻ ይገናኙ የነበሩ በርካታ መኪናዎች ሞተራቸው ምንም ሳይሆን ከርቀት የሚሰጣቸውን አገልግሎት አጥተዋል። ስልክ በጥቂት ዓመታት ይቀየራል፤ መኪና ግን አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይነዳል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው «ወደ መኪናው መላክ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም፤ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ በራሱ ስልክ ይሞክረው።

አጭር ሊንክን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኛችሁ በመልእክት የላከላችሁ አጭሩ የካርታ ሊንክ በውስጡ ቁጥሩን አልያዘም፤ ቁጥሩ የተቀመጠበትን ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው። ሊንኩን በኢንተርኔት ከፍቶ ቦታውን ማግኘት የሚችል መተግበሪያ ያስፈልጋል። በቀጥታ ለመኪናው መተግበሪያ አሳልፋችሁ ስትሰጡት እንቢ ካለ፣ መጀመሪያ በስልኩ ካርታ ክፈቱት፤ ነጥቡ ከታያችሁ በኋላ ከዚያ አጋሩት።

ያለ ሰርቨር

መኪናው የራሱ ሲም ባይኖረውም ተስፋ አይቆረጥም። ስልኩ በብሉቱዝ ሲገናኝ አብዛኛው መኪና የስልክ ማውጫውን ይገለብጣል፤ በማውጫው ውስጥ ለአንድ ሰው አድራሻ ተጽፎለት ከሆነ አንዳንድ ናቪጌሽኖች ያንን አድራሻ እንደ መድረሻ ይቀበላሉ። ደጋግማችሁ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች በስልክ ማውጫችሁ ውስጥ ከነአድራሻቸው መመዝገብ የቆየ ብልሃት ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ሆኖም መኪናው የሚያገኘው ጽሑፍ ስለሆነ ከላይ ያልሁት የስምና የአሮጌ ካርታ ችግር አብሮት ይመጣል። ሌሎች ደግሞ ብዙ ነጥቦችን የያዘ ፋይል በዩኤስቢ ፍላሽ ይቀበላሉ፤ ብዙ ደንበኛ ለሚያዳርስ የጭነት መኪና ወይም ረጅም ጉዞ ለሚያቅድ ሰው ይህ ከሁሉ ይሻላል። የትኛውን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበል የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል።

መኪናው ስክሪን ብቻ ሲሆን

የስልኩን መተግበሪያዎች በመኪናው ስክሪን ላይ ስለሚያወጡት ስለ አፕል ካርፕሌይና ስለ አንድሮይድ ኦቶ የሚጠይቁ ይኖራሉ። ካርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አንድሮይድ ኦቶ በ2015 አገልግሎት ላይ ከዋሉ ወዲህ ብዙ ሰው የመኪናውን ናቪጌሽን ረስቶታል። እነዚህ ሁለቱ ግን መድረሻን ወደ መኪናው አይልኩም። ካርታው፣ ስሌቱና ድምፁ ሁሉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ የመኪናው ስክሪን የስልኩን ሥራ እያሳየ የእናንተን ንክኪ ወደ ስልኩ ይመልሳል። ስልኩ ሲነቀል ካርታውም አብሮ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ለሚጠቀም ሰው «መላክ» የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ስልኩ ላይ የፈለገው ቦታ በቅርብ ጊዜ ፍለጋዎቹ ውስጥ ይጠብቀዋል፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ቀጠሮውን ከነቦታው ከመዘገበም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ይቀርብለታል። አብዛኞቹ መኪናዎች ከስልኩ ካርታና ከመኪናው ናቪጌሽን አንደኛው መምራት ሲጀምር ሌላኛውን ያስቆማሉ። ስለዚህ ማታ ወደ መኪናው የላካችሁት መድረሻ ጠዋት ስልኩን ስትሰኩ ቢጠፋባችሁ፣ የስልኩ ካርታ ቦታውን ወስዶበት እንደሆነ ተመልከቱ።

የስልኩ ካርታ ትኩስ ከሆነ የመኪናውን ናቪጌሽን ምን ፈለግነው? ለተራ የከተማ ጉዞ እኔም ስልኩን እመርጣለሁ። ሁለት ጊዜ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። የመጀመሪያው ረጅም ዋሻ ወይም በሕንጻዎች የታጠረ መንገድ ሲኖር ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው የሚያሰራጩት ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ቦታን ለማስላት ቢያንስ ከአራቱ መቀበል ያስፈልጋል፤ ዋሻ ውስጥ አንዱም አይሰማም። በፋብሪካ ናቪጌሽን የተገጠመለት መኪና ግን የጎማዎቹን ዙርና የራሱን መታጠፍ እየለካ የት እንደደረሰ መገመቱን ይቀጥላል። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ጎማ የለውም።

ሁለተኛው፣ ይልቁንም ክብደት ያለው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የመኪናው ናቪጌሽን ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው፣ ዳገቱን ሲወጣ ምን ያህል እንደሚበላ ያውቃል፤ የት ቆሞ መሙላት እንዳለበትም በዚያው ያሰላል። ብዙዎቹ ደግሞ መድረሻው ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ መሆኑን ሲያውቁ፣ ከመድረሳቸው በፊት ባትሪውን ለመሙላት ወደሚስማማው ሙቀት ያመጡታል። የቀዘቀዘ ባትሪ በዝግታ ነው የሚሞላው። ጣቢያውን በስልኩ ካርታ ብቻ እየተከተለ የመጣ ሹፌር መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቀ ባትሪው ሳይዘጋጅ ይደርሳል፤ ከዚያ ቆሞ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በካርታው ውስጥ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን የመንገድ ስሌት ጨምሯል፤ ሆኖም የሚሠራው ከስልኩ ጋር መረጃ ለመለዋወጥ በተዘጋጁ መኪናዎች ላይ ነው። በሌሎቹ ላይ የኃይል መሙያ ጣቢያን ወደ መኪናው መላክ ቆሞ ከመጠበቅ ደቂቃዎችን ያድናል፤ በብርድ ወቅት ደግሞ ይበልጥ።

የሚቀረው ዱካ

የላካችሁት መድረሻ ስትደርሱ አይጠፋም። በስልኩ የፍለጋ ታሪክ፣ በአምራቹ ሰርቨርና በመኪናው የመድረሻ ዝርዝር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የጂፒኤስ ሳተላይት የት እንዳላችሁ አያውቅም፤ እርሱ ያሰራጫል እንጂ ከእናንተ ምንም አይቀበልም። የምትሄዱበትን የሚያውቁት ከላይ የጠቀስኋቸው ናቸው። የሐኪም ቤት፣ የጠበቃ ቢሮ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ «ቤቴ» ተብሎ የተመዘገበው አድራሻ፣ ሁሉም አንድ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጠዋል። የተከራያችሁትን መኪና ስትመልሱ የመድረሻ ታሪኩን፣ የስልክ ማውጫውንና የብሉቱዝ ግንኙነቱን አጥፉ። መኪና ስትሸጡ ይህ ብቻ አይበቃም፦ ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት፤ በአምራቹ መተግበሪያ ውስጥም መኪናውን ከስማችሁ አውጡት። ይህ ካልተደረገ አሮጌው ባለቤት ከስልኩ ሆኖ መኪናው የት እንደቆመ ማየቱን ሊቀጥል ይችላል። ገዢም ቢሆን ይህ መደረጉን ሻጩ ፊት ቆሞ ያረጋግጥ።

ከመነሣታችሁ በፊት

መድረሻው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ «ጀምር» ለማለት አትቸኩሉ። ስሙን አታንብቡ፤ የጠቅላላውን መንገድ ካርታ አውጡና ባንዲራው የት እንደተተከለ እዩ። ርቀቱ ከገመታችሁት ጋር ይቀራረባል? 12 ኪሎ ሜትር የጠበቃችሁት 50 ሆኖ ከመጣ ቁጥሩ በመንገድ ተዛብቷል። ከዚያ ካርታውን እስከ መጨረሻው አቅርቡና መኪናው የሚቆምበት መንገድ በሩ ያለበት መሆኑን ተመልከቱ። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ለእንግዳ የራሳችሁን ቦታ ስትልኩም ያው ነው። ሳሎን ተቀምጣችሁ «ያለሁበት ቦታ» ብላችሁ ብትልኩ፣ ስልኩ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ነጥቡ በብዙ ሜትር ሊዛነፍ ይችላል፤ ከጀርባ ያለው መንገድ ከቀረበም እንግዳው የሚመጣው በዚያ ነው። ወደ ውጭ ውጡ፤ መኪና የሚቆምበት በሩ ፊት ቁሙ፤ ሰማያዊው ነጥብ እስኪረጋ ጥቂት ጠብቁና ከዚያ ላኩት።